ከማንቆርቆሪያው ሥር ያለው ማኅተም

ዘመናትን በመዳፉ የያዘ፣ በልብ ጓዳ የተሸሸገውንም ያለ መብራት የሚያይ አምላክ፣ ይህን ነገር ገና ሳይሆን ያውቀው ነበር። እኛ ፍጡራን ግን የምናውቀው ጊዜው ሲደርስ ብቻ ነውና፣ ጊዜው ከደረሰባት ከዚያች ረቡዕ እንጀምር።

ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ በጥንታዊ ዕቃዎች መሸጫ ቤት ውስጥ፣ አንዲት የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ፊት ቆማ ነበር። ሥራዋ አሮጌ የማዕድ ብር መርምሮ ማን እንደ ሠራው፣ የትና መቼ እንደ ተሠራ መናገር ነው። ከአባቷ ከአንጥረኛው እግር ሥር ቁጭ ብላ ያደገች፣ ፊደል ሳትቆጥር የብር ማኅተም ያነበበች ናት። ባለሱቁ «እፍ ባይዋ» ይላታል፤ ዕቃ እጇ ሲገባ ከሁሉ አስቀድማ እፍ ትልበታለችና። ደንበኛ ሲመጣም፣ «ትንሽ ይታገሡን፤ እፍ ባይዋ ሾርባዋን እያቀዘቀዘች ነው» ብሎ ይቀልዳል።

ነገር ግን ብር ላይ እፍ ማለት ቀልድ አይደለም። የትንፋሽ ጉም በብር ላይ ሲያርፍ፣ ዓይን ያላየው ብየዳ ይገለጣል፤ የተበየደውና ያልተነካው ብር ትንፋሹን እኩል አይለቁትምና።

የዚያን ዕለት ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠው የእንጨት ሣጥን ከግንቡ ቤት የመጣ ነበር። ከላዩ የቤቱ ታላቅ የሆኑት የዳኛው ደብዳቤ አለ፤ «ወንድሜ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነው። ከአያቶቻችን የወረደው ይህ የማዕድ ብር በስሙ ለሙዚየም ይሰጣል። መርማሪዋ ዕቃውን አይታ እሑድ በዘጠኝ ሰዓት ከቤታችን ትምጣና ያየችውን በቃሏ ትናገር፤ የምስክር ወረቀቱንም በፊታችን ትፈርም» ይላል።

ልጅቱ ይህን ስታነብ ልቧ እንደ ወፍ ተርገበገበ። የግንቡ ቤት፣ የምትወደው ሰው ቤት ነው። እርሱ የሟቹ ጌታ አንድያ ልጅ፣ ሙያው መሐንዲስ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የሱቁን የተሰነጠቀ ግድግዳ ሊያይ መጥቶ፣ ስንጥቁን ትቶ እርሷን ሲያይ ዋለ፤ ባለሱቁም «ግድግዳው በዚህ በኩል ነው ጌታው!» ብሎ አሳፈረው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ አልተለያዩም። እናቱ ወይዘሮዋ ግን ልጅቱን አንድ ቀን እንኳ ከበር አላስገቧትም። አበባ ይዛ የሄደች ዕለት፣ ወይዘሮዋ በመስኮት አይተዋት መጋረጃውን በድንጋጤ ሲስቡት አይታለች። «የአንጥረኛ ልጅ ስለሆንሁ ተጸይፈውኝ ነው» አለች፤ ያ መጋረጃም በልቧ ላይ እንደ ተዘረጋ ቀረ።

እንግዲህ አሁን ዳኛው ራሳቸው በሙያዋ ጠርተዋታል። በደስታ ሹካዎቹን አንድ በአንድ አነሣች። በእያንዳንዱ ጀርባ አራት ማኅተሞች ተደርድረዋል፤ የሠሪው ስም ሁለት ፊደላት፣ የከተማው ምልክት የሆነች አክሊል የደፋች ወፍ፣ የዓመቱ ፊደልና የብሩ ጥራት ምልክት። ሁሉም የአንድ ጥንታዊ ሠሪ ናቸው፤ ሁሉም እውነተኞች። ማንኪያዎቹም፣ የስኳር ዕቃውም እንዲሁ። በመጨረሻ የሻይ ማንቆርቆሪያውን ገልብጣ ከሥሩ እፍ አለችበት።

ከጉሙ ውስጥ አንዲት ቀጭን ክብ ብቅ አለች። የካፖርት ቁልፍ የምታህል ክብ፣ በአራቱ ማኅተሞች ዙሪያ።

ልጅቱ እስትንፋሷን ዋጠች። ማኅተሞቹ በዚህ ዕቃ ላይ አልተመቱም። ከሌላ ዕቃ ላይ ተቆርጠው እዚህ ተበይደዋል። በብር ሠሪዎች ዘንድ ይህ የአታላይ ሥራ ነው፤ ትላንት የተወለደውን ዕቃ በአሮጌ ማኅተም ሽማግሌ ማድረግ ነው። አጉሊ መነጽሯን አንሥታ የብየዳውን ዳር ተከተለች። ያን ጊዜ የባሰው መጣ። የሞረዱ ጭረት ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ከማለቂያው ላይም እንደ ፊርማ የተደገመ አጭር ጭረት አለ። በግራ እጁ ሞርዶ በዚያች ድጋሚ ጭረት የሚጨርስ አንድ ሰው ብቻ ታውቃለች። ልጅ የእናቱን ድምፅ እንደሚለይ ለየችው።

አባቷ ነበሩ።

ወንበር ፈልጋ ተቀመጠች።

«ምነው እፍ ባይዋ፣ ፊትሽ ነጣ? ሾርባው አቃጠለሽ እንዴ?» አለ ባለሱቁ።

«ኧረ ምንም። ቁርስ አልበላሁም፤ እርሱ ነው።»

በዚያ ሱቅ በሠራችበት ስድስት ዓመት ውስጥ የዋሸችው የመጀመሪያ ውሸት ይህ ነበር። የምትወደውን ሰው ደጅ ይከፍትልኛል ያለችው ቁልፍ፣ በአባቷ ላይ የሚቆለፍ ሆኖ በእጇ ውስጥ ቀዘቀዘ።

*

ሽማግሌው አንጥረኛ እጃቸው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ መዶሻቸውን ሰቅለዋል። ሆኖም ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ከአሮጌው መሥሪያ ክፍላቸው ገብተው፣ የማይሠሩባቸውን ሞረዶችና ጉጠቶች ዘይት ይቀባሉ። ልጃቸው ከሥራ ስትመለስም አንድ ጥያቄ አላቸው።

«መጣሽ የኔ ልጅ? ዛሬስ ስንት ውሸታም ማንኪያ ያዝሽ?»

«ማንኪያ አልያዝሁም» አለች፣ በሩ ላይ እንደ ቆመች። «አንድ ማንቆርቆሪያ ነው። የግንቡ ቤት። ከሥሩ ክብ ብየዳ አለው፤ ሞረዱም በግራ እጅ የተገፋ ነው።»

በሽማግሌው እጅ ያለው ጨርቅ ቆመ። ቀና ብለውም አላዩዋት።

«እንዴት አየሽው?»

«እፍ ብዬ።»

«ጎበዝ» አሉ በለሆሳስ። «እፍ ማለትን ያስተማርሁሽ ዕለት ይህን አስቤው ነበር። ባላስተምርሽ እኔን አታገኚኝም። ግን ሙያን በግማሽ ማስተማር አልሆንልህ አለኝ።»

«አባዬ፣ አንተ ነህ?»

«እጄ ነው።»

«ለምን? ማን አዘዘህ? ዋናው ዕቃስ የት ገባ?»

«ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። ቃል አለብኝ።»

«ለእኔም? ለልጅህ?»

«ቃል ለልጅ ተብሎ አይሸራረፍም።»

«ዝምታ ወርቅ ነው ብለህ ነው?» አለች።

ሽማግሌው ፈገግ ሊሉ ሞከሩ። «እርሱስ ለወርቅ ሠሪ ነው፤ እኔ ብር ሠሪ ነኝ። የኔ ዝምታ ይኸው ይጠቁራል።»

«ዳኛው ናቸው እኮ የጠየቁት! ከሶ ማሰር ለእርሳቸው ምናቸው ነው? በዚህ ዕድሜህ...» ቃሏ ተቆረጠ። «ምን ብዬ ልጻፍ አባዬ?»

«ዓይንሽ ያየውን። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። እኔ ይህን ቀን ሠላሳ ሁለት ዓመት ስፈራው ኖርሁ። ሰው ከመፍራትም ይደክማል ልጄ። ይድረስ።»

ጨርቁን አንሥተው መቀባታቸውን ቀጠሉ። ልጅቱ ግን የእነዚያን ጣቶች መንቀጥቀጥ እያየች፣ ይህ ሁሉ ዘመን እርጅና ያለችው ነገር እርጅና ብቻ ይሆን ወይ ብላ ፈራች።

*

ዓርብ ጠዋት ሌላ ደብዳቤ መጣ። በወይዘሮዋ እጅ የተጻፈ፣ ፊደሉ የተጣደፈ፣ አጭር ነበር።

«ልጄ ሆይ፣ እሑድ አትምጪ። አመመኝ ብለሽ ቅሪ፤ ሣጥኑንም ሳትከፍቺ መልሺው። ይህን የምልሽ ለሁላችንም ሰላም ነው። እባክሽ።»

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የሚታያት ያ የተሳበ መጋረጃ ብቻ ነበር። «በሙያዬ እንኳ ከደጃቸው እንዳልደርስ!» አለች። የመጨረሻዋን ቃል ግን፣ ያችን «እባክሽ»ን፣ አላየቻትም። ቂም የያዘ ዓይን እንዲህ ነው፤ የሚፈልገውን ያነብና የቀረውን ይዘላል።

በምሳ ሰዓት መሐንዲሱ ራሱ መጣ። ባለሱቁ አይቶት፣ «ግድግዳው ደህና ነው፤ መርማሪዋ ናት የተሰነጠቀችው» ብሎ ቀልዶ ወደ ጓዳ ገባ።

«ሦስት ጊዜ ደወልሁልሽ። ምን አድርጌሻለሁ?» አለ መሐንዲሱ።

«ምንም።»

«እሑድ እኮ ቤታችን ልትመጪ ነው! ስንት ጊዜ የጠበቅነው ቀን ነው። አጎቴ ባሉበት በሙያሽ ከተከበርሽ፣ እናቴ ከእንግዲህ ምን ትላለች? በዚያው ስለ እኛ እናገራለሁ።»

«አትናገር» አለች ፈጥና። «እሑድ ምንም አትናገር፤ በሞቴ።»

ዓይኖቹን አየች፤ ልትነግረው አፏን ከፈተች። ነገር ግን ነገሩ ከአንደበቷ ከወጣ የአባቷ ስም በዚያ ቤት አዳራሽ የሌባ ስም ሆኖ ሲጠራ ሰማችው። አፏን ዘጋች።

እርሱም ያንን የተዘጋ አፍ በሌላ ተረጎመው። ድምፁ ተለወጠ።

«ሌላ ሰው አለ?»

«አንተን ከመውደዴ በፊት የወደድሁት ሰው አለ» አለች። «በአንተና በእርሱ መካከል ምረጪ ከተባልሁ፣ መምረጥ አልችልም።»

ይህን ስትል አባቷን ማለቷ ነበር፤ እርሱ ግን እንዴት ይወቅ? ፊቱ ላይ ደም የሚባል አልቀረም። ቆቡን አንሥቶ፣ በሩን እንኳ ሳያጋጭ፣ ቀስ ብሎ ወጣ። ያ ቀስታ ከጩኸት ሁሉ ይልቅ አስፈራት። ልጠራው ይሆን? ብትጠራው ሁሉን መናገር ሊኖርባት ነው። አልጠራችውም፤ እግሮቿም እንደ ሥር ከወለሉ ጋር ተያያዙ።

*

እሑድ በዘጠኝ ሰዓት የግንቡ ቤት በር ተከፈተላት። ገባች።

በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፎ፣ ከሣጥኑ የወጣው ብር ሁሉ በላዩ ተደርድሯል። ዳኛው በራስጌው ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ባዶ የምስክር ወረቀትና ብዕር አለ። ወይዘሮዋ በጎን፣ ሁለት እጆቻቸውን ከጠረጴዛው በታች ደብቀው ተቀምጠዋል። መሐንዲሱ ጀርባውን ለሁሉም ሰጥቶ በመስኮት ወደ ውጭ ያያል። ልጅቱ ስትገባ ወይዘሮዋ አንድ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከንፈራቸው ነጭ ነበር። «አትምጪ ብለውኝ ስለ መጣሁ ተቆጡ» አለች በልቧ።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉ ዳኛው። «በሙያው ያለ ሰው ሁሉ ስምሽን ሲያመሰግን ሰምቻለሁ። በይ እስቲ፣ አያቶቻችን ምን ትተውልናል?»

መቀመጥ አልቻለችም። ሹካዎቹን አሳየች፤ ማንኪያዎቹን፣ የስኳር ዕቃውን አሳየች። «እነዚህ ሁሉ እውነተኞች ናቸው ጌታዬ» አለች። ዳኛው በደስታ ራሳቸውን ነቀነቁ። እጇ ማንቆርቆሪያው ላይ ሲደርስ ቆመ።

አሁን ዝም ብትልስ? ወረቀቱ ይፈረማል፤ አባቷ በሰላም ይኖራሉ፤ ያ ጀርባውን የሰጣት ሰውም ምናልባት አንድ ቀን ይመለሳል። አንዲት ፊርማ ናት። ነገር ግን «ዓይንሽ ያየውን» ያሏት እኚያው አባቷ ነበሩ። ብትዋሽ፣ ከእርሳቸው የተማረችውን ሁሉ ለእርሳቸው ስትል መጣሏ ነው።

«ይህኛው ግን...» አለች። ድምፅዋ የሌላ ሰው ሆኖ ተሰማት። «ይህ ማንቆርቆሪያ የጥንት አይደለም። ማኅተሞቹ ከሌላ ዕቃ ተቆርጠው የገቡ ናቸው።»

ዳኛው ብዕሩን ገፋ አድርገው ወደ ፊት ዘንበል አሉ።

«እርግጠኛ ነሽ?» አሉ ዳኛው።

«እርግጠኛ ነኝ። የሠራውንም ሰው አውቀዋለሁ ጌታዬ።» ጠረጴዛውን ይዛ ቆመች። «አባቴ ነው።»

መሐንዲሱ ከመስኮቱ ዞረ። ዓይኖቹ በእርሷ ላይ ወደቁ፤ ዓርብ ዕለት የሰማው ነገር ሁሉ በዚያች ቅጽበት ሌላ ፊት ያዘ። ልጅቱ ግን አላየችውም፤ የምታየው የዳኛውን ግንባር ነበር፤ እርሱም እየጨለመ ነበር።

«አንጥረኛው? የቤቴን ዕቃ ለውጦ ዋናውን ወሰደው?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «የት አደረሰው?»

«አላውቅም። ጠየቅሁት፤ ቃል አለብኝ ብሎ ዝም አለኝ።»

«ቃል! ሌባ ሁሉ ሲያዝ ቃል አለበት። ነገ ጠዋት በሕግ ፊት ቃሉን ይሰጣል።»

«አጎቴ፣ ይቆዩ...» አለ መሐንዲሱ።

«አንተ ዝም በል!»

«ዋናውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»

ይህን ያሉት ወይዘሮዋ ነበሩ። ከወንበራቸው ተነሥተዋል፤ ከጠረጴዛው በታች የደበቋቸውን እጆች አውጥተው በነጩ ጨርቅ ላይ አኖሩ።

«ምን አልሽ?» አሉ ዳኛው።

«እዚህ ቤት ሙሽራ ሆኜ ከገባሁ አራት ወር ሆኖኝ ነበር» አሉ ወይዘሮዋ። «እማማ፣ የእርስዎ እናት፣ ለሳምንት ዘመድ ጥየቃ ሄደው ነበር። እንግዳ መጣብኝ። ብር ከሸክላና ከብረት ምን እንደሚለየው የማላውቅ ልጅ ነበርሁ። ማንቆርቆሪያው ሻይ የሚቀርብበት ነው እንጂ የሚፈላበት አይደለም ያለኝ የለም። ውኃ ሞልቼ ከፍም ላይ ጣድሁት። ከእንግዳው ጋር ወሬ ይዤ ረሳሁት። ስመለስ ውኃው አልቆ፣ ሆዱ እንደ ሰም ዝልፍልፍ ብሎ፣ አፍንጫው ወድቆ አገኘሁት።»

የዳኛው ዓይን ወደ ማንቆርቆሪያው ሄደ።

«እማማ ሲመጡ ወደ እናቴ ቤት የሚመልሱኝ መሰለኝ። በጨርቅ ጠቅልዬ በጓሮ መንገድ ወደ አንጥረኛው ሮጥሁ። ሰውየው አይተው፣ ‹ይህ አይጠገንም፤ ብሩን አቅልጬ ያንኑ መልክ አዲስ ልሥራልሽ› አሉኝ። ‹ማኅተሙስ?› አልሁ። ‹ማኅተም መንቀል በእኛ ሙያ ኃጢአት ነው› አሉ። ሁለት ጊዜ እምቢ አሉኝ። በሦስተኛው እግራቸው ላይ ወደቅሁ።» ወይዘሮዋ ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ከሥሩ ከተረፈችው ቁራጭ ማኅተሙን ቆርጠው በአዲሱ ላይ በየዱልኝ። ለማንም እንዳይናገሩ አስማልኋቸው፤ ለልጃቸውም ቢሆን። ‹እኔ አልናገርም፤ ግን ብር ዲዳ አይደለም፤ አንድ ቀን አዋቂ ይመጣበታል› ብለው አሰናበቱኝ። ልጄ መጥቶ የአንጥረኛውን ልጅ፣ ያችን ብር መርማሪ እወዳለሁ ሲለኝ፣ ያ አዋቂ ሰው ደጄ እንደ ደረሰ አወቅሁ። መጋረጃውን የሳብሁት አንቺን ንቄ አይደለም ልጄ። ዓይንሽን ፈርቼ ነው።»

ልጅቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ንቀት ብላ የተሸከመችው ነገር ከጀርባዋ ሲወርድ፣ ከሥሩ የተገኘው እርሷን የመሰለች አንዲት የተደናገጠች ሴት ልጅ ነበረች።

ዳኛው ማንቆርቆሪያውን አንሥተው ገለበጡት፤ መልሰው አቆሙት።

«እናቴ» አሉ በመጨረሻ፣ «እስክታርፍ ድረስ ከዚህ ሻይ በጠጣች ቁጥር፣ ‹የዛሬ ሰው ይህን የመሰለ ዕቃ መቼ ይሠራል!› ትል ነበር።» ሊስቁ ይሁን ሊቆጡ ራሳቸውም አላወቁም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ተመለከቱ። «ስንት ዘመን በችሎት ተቀመጥሁ፤ ሰው ራሱን ለማዳን አባቱን ሲከስ አይቻለሁ። ሁሉን ላጣ ብሎ፣ ስለ እውነት ብቻ በአባቱ ላይ የመሰከረ ግን አላየሁም። ያንን ወረቀት አምጪ። እንደ ነገርሽን ጻፊው፤ የአባትሽንም ስም እንደ ሠሪ አስገቢው። ማንቆርቆሪያው በእውነተኛ ስሙ ይሄዳል።»

ስትጽፍ እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ በግራ እጇ ጉንጯን ትይዝ ነበር። መሐንዲሱ ከአጠገቧ መጥቶ ቆመ፤ በዝቅታ፣ «ከእኔ በፊት የወደድሽው ሰው...» አለ።

«አዎን።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳላጣህ ፈርቼ።»

«እኔም ስትሸሺኝ ሌላ ሰው አለ ብዬ ፈራሁ። እናቴ አንቺን ፈራች። አባትሽ ቃላቸውን ፈሩ።» ራሱን ነቀነቀ። «አራታችንም አንዳችን አንዳችንን ስንፈራ ከረምን እኮ!»

ወይዘሮዋ ግን ነጠላቸውን እያጣፉ ወደ በሩ ሄደው ነበር።

«ወዴት እማዬ?» አለ ልጃቸው።

«ያሰርሁትን ልፈታ። ማሐላ ያሰረው ሰው ካልፈታው አይፈታም። ነይ ልጄ፣ መንገዱን አሳዪኝ፤ በጓሮ ሳይሆን በፊት ለፊት።»

ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ከአንጥረኛው ቤት ደረሱ። ሽማግሌው ከመሥሪያ ክፍላቸው ወጥተው ወይዘሮዋን ሲያዩ፣ ከደጁ ላይ ደርቀው ቆሙ፤ ለእስር ሊወስዷቸው የመጡ መሰላቸው። ወይዘሮዋ ዝቅ ብለው እጅ ነሱ።

«ጌታዬ፣ ሁሉን በሰው ፊት ተናግሬያለሁ። ከቃልዎ ፈትቼዎታለሁ። ይህን ያህል ዘመን ያሸከምሁዎትን ይቅር ይበሉኝ።»

ሽማግሌው ክንዳቸውን ይዘው ቀና አደረጓቸው።

«እግዚአብሔር ይፍታዎ እመቤቴ» አሉ። «እኔም ለሙያዬ ንስሐ አለብኝ፤ ግን ያን ቀን ያለቀሱትን ልቅሶ ዛሬም ብሰማው እንደገና የምሠራው ይመስለኛል።» ከዚያም ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ይኸው፣ ምላሴ ተፈታ። የምትጠይቂኝ ካለ አሁን ጠይቂኝ።»

ልጅቱ ከአባቷ ደረት ላይ ግንባሯን አስደግፋ አለቀሰች፤ ያለቀሰችውም ከኀዘን ሳይሆን፣ ለብዙ ቀን ትንፋሹን ይዞ የቆየ ሰው አየር ሲያገኝ ከሚሰማው ነገር ነበር።

አንባቢዎቼ ሆይ፣ የተሰወረውን ሁሉ በጊዜው የሚገልጥ ጌታ ከቤታችሁ ፍርሃትን ያውጣ። በማዕዳችሁ ዙሪያ ለሚቀመጡት፣ ለአማትና ለምራት፣ ለአባትና ለልጅ፣ ያለ ድንጋጤ የሚነጋገሩበትን ሰላም ይስጥ። የተሳሰራችሁ ተፈታቱ፤ የተራራቃችሁም ቀርባችሁ ተያዩ። አሜን።